ሰባት ቤትና ጥቁሯ ቢራቢሮ

ሰው የሸሸው ነገር ቀድሞት ጀልባ ላይ ተሳፍሮ እንደሚጠብቀው ሰርክአዲስ የገባት ደሴቲቱን በረገጠች በሦስተኛው ቀን ነው። ከእንጅባራ ስትነሣ እንዲህ አላሰበችም ነበር። «ሦስት ሳምንት ቢራቢሮ ሳነሣ እከርማለሁ፤ ስመለስ ልቤም ወደ ቦታው ይመለሳል» ብላ ነበር ሻንጣዋን የዘጋችው።

ከዛንዚባር ማዶ ባለችው በዚያች ትንሽ ደሴት ላይ፣ ከአራት አገር ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ መምህራን የደሴቲቱን ቢራቢሮዎች በፎቶ ይመዘግቡ ነበር። ሥራው የሚጀመረው በማለዳ ነው። ቢራቢሮ ክንፉ በፀሐይ ካልሞቀ አይነሣምና፣ ጤዛው ሳይደርቅ የደረሰ ሰው እንደ ልቡ ያነሣዋል፤ ያረፈደ ግን ሲያባርረው ይውላል። ሰርክአዲስ በየማለዳው ከቅርንፉዱ ዛፎች ስር በደረቷ ተኝታ፣ ክርኗን እርጥቡ መሬት ላይ ተክላ፣ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። አንድ ክንፍ ሲከፈት ጣቷ ይጫናል። በዚያች ቅጽበት ዓለም ሁሉ ጸጥ ይላል። ወዲያው ግን ያው ፊት ይመጣባታል፤ የምንይችል ፊት።

እንዲህ መጠበቅን ያስተማራት እሱ ነበር። ምንይችል ከአዘና ገጠር የወጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ጥሊሊ አጠገብ ችግኝ ጣቢያ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ተማሪዎቿን ይዛ ጣቢያው ድረስ ሄዳ፣ ቢራቢሮ ስታሯሩጥ አንድም ሳታነሣ ስትቀር፣ ከችግኙ መደብ ቀና ብሎ አይቷት፣ «መምህርት፣ እነሱ እኮ ውኃ ሊጠጡ ነው የመጡት። ተቀመጪ፤ ይለምዱሻል» አላት። ተቀመጠች። ለመዷት። እሷም ለመደች።

ነገሩ ሲጠና ሽማግሌ ወደ ዳንግላ፣ ወደ እናቷ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ተላከ።

ወይዘሮ ደብሪቱ አስፋልቱ ዳር ጨርቅ የሚነግዱ፣ ከሱቃቸው ይልቅ ግን በዘራቸው የሚኮሩ ሴት ናቸው። «እኛ እኮ የሽባባው ዘር ነን» ሳይሉ የሚያሳልፉት እንግዳ የለም። አዊኛው ከአባታቸው ወዲህ ከቤታቸው ጠፍቷል፤ የሽባባው ስም ግን አልጠፋም። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጃቸው ለችግኝ አፍይ መታጨቷ ከንክኗቸዋል፤ ቢሆንም ሽማግሌ ከደጅ አይመለስምና ተቀበሉ። በአገሩ ደንብ ከሁሉ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሁለቱ ወገኖች በሰባት ቤት ውስጥ ከተገናኙ ጋብቻ የለም፤ ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው።

ተቆጠረ። በሰርክአዲስ በኩል ወይዘሮ ደብሪቱ ራሳቸው ከፍ ባለ ድምፅ፣ «ደብሪቱ፣ አበረ፣ ካሳ፣ ምሕረት፣ ወገኔ፣ ሽባባው!» አሉ። በምንይችል በኩል አባቱ አያ ገብረ ማርያም ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ።

«ሽባባው» አሉ።

ሰርክአዲስ ከጓዳው ደጃፍ ቆማ ምንይችልን አየችው። «አንድ ነገር በል» አለችው በዓይኗ። እሱ ግን ተነሣና የእናቷን ጉልበት ሳመ። ከዚያም ወደ እሷ መጥቶ፣ ወንድም እህቱን እንደሚስም ጉንጯን ሦስት ጊዜ ስሟት ወጣ። አንድም ቃል አልተሟገተም።

ሞት እንኳ ሲመጣ ሰው ይንፈራገጣል። እሱ ግን የሁለት ዓመቱን ነገር በሦስት መሳም ዘግቶት ሄደ። ሰርክአዲስ ከቆጠራው ይልቅ ያን መሳም ነበር ይቅር ማለት ያቃታት።

*

«አንቺ፣ ይሄ ስልክ ምን በደለሽ?» አለቻት ሕይወት።

ሕይወት ከዚያው ከእንጅባራ የመጣች የዕፅዋት መምህርት ናት። በደሴቲቱ አንድ ክፍል ይጋራሉ። የአገሯን ብርድ አስባ ይዛው የመጣችው ወፍራም ሹራብ እዚህ ትራስ ሆኖላታል።

«ምን አደረግሁት?»

«ታወጪዋለሽ፣ ታይዋለሽ፣ መልሰሽ ትከቺዋለሽ። የተቆጣች አማት እንኳ እንዲህ አትመላለስም።»

«እሱ ነው የሚልከው።»

«ማን እሱ? ወንድምሽ?»

ሰርክአዲስ ልትስቅ ነበር፤ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። ምንይችል በቴሌግራም ደብዳቤ ይልክላት ነበር። እንደ ሰው ሁሉ አይጽፍም፤ በደብተር ቅጠል ላይ በእጁ ጽፎ፣ ቅጠሉን ፎቶ አንሥቶ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። የመጀመሪያውን ከፍታው ነበር። «ይድረስ ለተከበርሽው እህቴ ለሰርክአዲስ» ይላል። ከዚያ መስመር አላለፈችም። ኋላ አራት ደብዳቤ ተከታተለ፤ አንዱንም አልከፈተችም። አሥራ ሁለት ቀን ሆናት።

«እህት መባል ስድብ ሆነ እንዴ?» አለች ሕይወት።

«ከእሱ አፍ ሲወጣ፣ አዎ።»

«እሺ አንብቢውና ስደቢው። ሳያነቡ ማኩረፍ፣ ወጡን ሳይቀምሱ ጨው በዛበት እንደ ማለት ነው።» ይህን ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የሳምንቱን ፎቶዎች የማጣራት ተራዋ ነበር። ጥቂት ቆየችና፣ «ሰርኬ፣ ይቺን ጥቁሯን፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለባትን፣ ከየትኞቹ ጋር ነው የመዘገብሻት?» አለች።

«ከመራራዎቹ ጋር ነዋ። ወፍ ቀምሶ ከሚተፋቸው።»

«እንግዲያው ይሄኛው እዚህ ምን ይሠራል?»

ሰርክአዲስ ተነሥታ አየች። ራሷ ያነሣችው ፎቶ ነው። ጥቁሯ ቢራቢሮ ቅጠል ላይ አርፋለች፤ ከፎቶው ጥግ፣ በቅጠሉ ጥላ ተሸፍኖ፣ ጭራ ያለው ቢጫ ወንድ ከእሷ ጋር ተጣብቋል። ተጋብተዋል። በመልክ ምድርና ሰማይ ናቸው። የዚያ ዘር ሴት ወፍ እንዳይበላት የመራራዋን መልክ ለብሳ ትኖራለች፤ መልኳ የሌላ፣ ዘሯ ግን የእሱ ነው። ሰርክአዲስ ይህን በየዓመቱ ታስተምረዋለች። አሁን ግን ክንፏን ብቻ አይታ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ከማይዛመዷት ጋር ቆጥራታለች።

«መምህርት፣ ቆጠራሽ ተሳሳተ» አለች ሕይወት እየሳቀች።

እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። ሰርክአዲስ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ቀስ ብሎ ጋለ። አይቶ መፍረድ፣ ሳያነቡ መዝጋት እንዴት ቀላል እንደ ነበር አስባ፣ በራሷ እጅ ባነሣችው ፎቶ ፊት ቆማ አፈረች።

*

ኔትወርኩ ደኅና የሚሠራው ጀልባ ማረፊያው ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዋን ወረደች። ዓሣ የሚያራግፉ ሰዎች ይጯጯሃሉ፤ ማዕበሉ የድንጋዩን ግንብ ይመታል። ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ደብዳቤዎቹን በተራ ከፈተቻቸው።

ሁለተኛው አጭር ነበር። «ሰኔ ነው፤ ችግኝ የሚወስደው ገበሬ በር ላይ ተሰልፏል። እኔ ግን ጣቢያውን ዘግቼ ወጥቻለሁ። ቆጠራው እንደገና እንዲታይልኝ ሽማግሌዎቹን ለምኛቸው እስከ እሑድ ቀን ሰጥተውኛል።»

ሦስተኛው፣ «ዝናቡ አልለቀቀም። ሦስት አዋቂ ጠይቄ ሦስቱም ሽባባው አሉኝ። አራተኛ አለ ብለውኛል።»

አራተኛው ረጅም ነበር።

«ከአዘና ወዲያ ተራራው ላይ እማሆይ ሙሉነሽ የሚባሉ አሉ፤ ዘጠና አልፏቸዋል። በአዊኛ ነው የነገሩኝ። ‹ወገኔ የሚባለውን ሽባባው አልወለደውም› አሉ። ‹በክፉ ቀን እናቱ መንገድ ዳር ሞታ፣ እሱ ከጎኗ ያለቅስ ነበር። የሽባባው ሚስት አራስ ነበረች። በአንድ ጡት የራሷን፣ በአንድ ጡት እሱን አጠባች። ሽባባውም ልጄ ነው ብሎ ማለለት፤ መሬት አካፈለው። ከዚያ ወዲህ ይህን የሚያወራ የቤቱ ጠላት ነው ተባለ። እኛም ዝም አልን።› እንግዲህ አንቺ የመጣሽው ከዚያ ከወገኔ ነው። እኔ የመጣሁት ከሽባባው ከራሱ ልጅ ነው። በደም አንገናኝም።»

ሰርክአዲስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አምስተኛውን ከፈተችው። ይህኛው «ይድረስ ለእህቴ» አይልም። የሚጀምረው በስሟ ብቻ ነው።

«ሰርክአዲስ። ያን ቀን ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። በሽማግሌ ፊት ቆጠራ የሚሟገት ሰው ዳግም አይሰማም፤ እኔ ደግሞ ዳግም መሰማት ፈልጌ ነበር። እንደ እህት የሳምኩሽም፣ የእገዳው ቃል እስኪነሣልን ሌላ መሳም ስላልተፈቀደልኝ ነው። ዛሬ ግን ‹እህቴ› ብሎ መጻፍ አቃተኝ።

«እማሆይ የነገሩኝን እሑድ ብናገር መንገዳችን ይከፈታል። ግን የእናትሽ ኩራት ያ ስም ነው። ‹ደብሪቱ ከመንገድ ዳር የተነሣ ሰው ዘር ናት› ተብሎ ዳንግላ ገበያ ላይ እየተወራ እኔ ደስ ብሎኝ አላገባሽም። አንቺ ተናገር ካልሽኝ እናገራለሁ። ዝም ካልሽ ዝም እላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ወንድምሽ እሆናለሁ። አላስቀይምሽም።»

የተላከው ሐሙስ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እሱ መልስ ሲጠብቅ፣ እሷ በኩርፊያዋ ዝም ብላዋለች፤ ዝምታዋ ደግሞ ለእሱ መልስ ነበር። ትናንት ማታ ምን ብሎ እንደ ተኛ አሰበች። ዓሣ አጥማጆቹ እያዩዋት እንባዋ ወረደ።

*

«ተናገር» ብላ ልትጽፍለት ጀመረች። ሁለት ፊደል ጽፋ አጠፋችው። ከእናቷ ጀርባ የእናቷን ገመና መበተን ሆነባት። ዝም ማለት ደግሞ ራሷን መቅበር ነው። ብዙ አሰበችና ደወለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለወይዘሮ ደብሪቱ።

«እማዬ፣ ተቀምጠዋል?»

«ምነው! ባሕር ገባሽ?»

«ደኅና ነኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው አለ?»

«ወርቅአየሁ አለች፤ ነጠላ እያማረጠች ነው፤ እንደ ልማዷ ሳትገዛ ልትወጣ።»

«ያሰናብቷት።»

«አንቺ ልጅ፣ ልቤን አታንጠልጥይው!» አሉ፤ ግን የሱቁ በር ሲዘጋ ተሰማ።

ሰርክአዲስ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። አንዲት ቃል አልዘለለችም፤ «ከመንገድ ዳር የተነሣ» የሚለውንም።

«እማዬ?»

«አሮጊት ናቸው» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ በቀጭኑ። «ቀላቅለው ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሰው እንዲህ ያለ ነገር...» ጀምረው ተዉት። እንደገና ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «አባቴ በየዓመቱ አንድ ገንቦ ማር ይዞ አዘና ይወርድ ነበር። ልጅ ሆኜ ተከትዬው ሄድኩ። የሽባባውን ቤት ደጅ ተንበርክኮ ሳመው። እኔ ተናደድኩ። ‹አባዬ፣ እኩያ አይደለን? ለምን ትንበረከካለህ?› አልኩት። ‹ይህ ቤት ባይኖር እኛ የለንም› ብቻ አለኝ። ታላቅ ቤት ስለሆኑ መስሎኝ ኖርኩ።»

«እማዬ...»

«ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ለመጣው ለሄደው የሽባባው ዘር ነኝ ስል ኖርኩ። አሁን ምን ልበል?»

«ምንም አይበሉ። ዝም በይ ካሉኝ ዝም እላለሁ። የደወልኩት ምርጫው የእርስዎ ስለሆነ ነው።»

«እሱስ? ያ ልጅ?»

«እሱማ ጽፎታል። ለእርስዎ ስም ብሎ ዝም ይላል።»

«ችግኝ አፍይ እያልኩ ስዘልፈው የኖርኩት ልጅ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ተሰማት። መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግማ ደወለች፤ ዳንግላ መብራት ጠፍቶ ይሁን ኔትወርክ፣ አልገባም። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ እስክታዘነብል ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። የነበራትን ሁሉ ከእጇ አውጥታ ለእናቷ ሰጥታለች። ፈራች፤ ግን አልጸጸታትም።

*

እሑድ ማለዳ የደሴቲቱ ሰው፣ ጫካውን እንደ ጓሮው የሚያውቀው ሽማግሌው ሐሚስ፣ የበሰበሰ ሙዝ ዛፍ ግንድ ላይ ቀብቶ ጠበቃቸው። ሽታው ሲነሣ ቢራቢሮዎቹ መምጣታቸው አይቀርም። ሰርክአዲስ የተሳሳተችውን ምዝገባ የምታርመው በአንድ መንገድ ነው፤ ጥቁሯንና ቢጫውን አንድ ላይ፣ ጥርት አድርጋ ማንሣት አለባት። በዚያው ሰዓት ዳንግላ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ክብ ሠርተው እየተቀመጡ ነው።

«ሂጂ፣ እኔ አነሣዋለሁ» አለች ሕይወት።

«አይሆንም። ስህተቱ የእኔ ነው።»

መጀመሪያ ያነሣቻቸው ሃያ ፎቶዎች ሁሉ ደበዘዙ፤ ልቧ ዳንግላ ነበር። ግንባሯን መሬቱ ላይ አስደግፋ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ቀና ስትል ሁለቱ ከሙዙ አጠገብ ቅጠል ላይ አርፈው አየቻቸው። ቢጫው ክንፉን ዘረጋ። ጥቁሯ ከጎኑ ዘረጋች። ሰርክአዲስ ጫነች፤ ጫነች፤ ጫነች። ሁለቱም ጥርት ብለው ገቡ። ደስታው መጣ፤ ግን የሚቀመጥበት አላገኘም፤ ቦታው ሁሉ በጭንቀት ተይዟል።

ካሜራውን ለሕይወት አስታቀፈቻትና ሮጠች።

ማረፊያው ላይ ስትደርስ ስልኩ እየጠራ ነበር።

«ሰርክአዲስ።» ምንይችል ነው።

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አላነበብኩልህም» አለች፤ ከሰላምታ በፊት የወጣላት ይኸው ነው።

«አውቃለሁ። ቴሌግራም ያሳያል እኮ።»

«ታዲያ ለምን ትጽፍ ነበር?»

«ላንቺ ስጽፍ ደስ ስለሚለኝ።» ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ይላል። «ሰርኬ፣ እኔ ዛሬ አልተናገርኩም። ዝም ብዬ ልወጣ ነበር። እናትሽ ተነሡ። በሽማግሌ ጉባኤ መካከል ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ።»

ሰርክአዲስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«‹ቆጠራችሁ አንድ ነገር ጎድሎታል› አሉ። ‹እኔ ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ጡት የተሰጠው ሕፃን ዘር ነኝ። ይህን የሚያወራ ጠላት ነው ተብሎ ነበር፤ ይኸው እኔው ራሴ አወራሁት። የእኔ ወገን በዚህ ቤት ጡት ዳነ። ዛሬ የዚህ ቤት ልጅ ልጄን ሲጠይቀኝ በምን አፌ እምቢ እላለሁ?› አሉ። አንዱ ሽማግሌ ‹ጡትም እንደ ደም ነው፤ ያግዳል› ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አባቴ ተነሣ። አባቴን ታውቂዋለሽ፤ በዓመት ሦስት ቃል ነው የሚናገር። ‹ሽባባው ያን ልጅ ያነሣው ዘሩ እንዲቀጥል ነው፤ እኛ ልናቋርጠው ነው?› አለ። ወጥተው ተመካከሩ። ተመልሰው...» ድምፁ ተሰበረ። «ቃሉ ተነሥቷል፣ ሰርክአዲስ።»

ከግንቡ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ባሕር ከፊቷ ነበር፤ አንዱንም አላየችውም።

«ቆይ፣ እናትሽ ስልኩን ስጠኝ እያሉኝ ነው።»

«ሰርኬ፣» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፤ ከኋላቸው የሰው ሁካታ ይሰማል። «አንድ ነገር ጨንቆኛል። ያቺ ጡት የሰጠችው ሴት ስሟ ማን ነው? እዚህ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ሁሉ ጠየቅኋቸው። ሽባባው ሽባባው ሲሉ ኖረው፣ እሷን የቆጠራት የለም።»

ሰርክአዲስ ደብዳቤውን በልቧ አገላበጠችው። ስሙ የለበትም። «ምንይችልን ይጠይቁት፤ እማሆይ ነግረውት ይሆናል» አለች።

ከስልኩ ራቅ ብሎ የምንይችል ድምፅ መለሰ፤ «በቀለች። በቀለች ነበር ስሟ ብለውኛል።»

«በቀለች» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ደግመውም፣ ሕፃን እንደሚጠሩ ቀስ አድርገው፣ «በቀለች» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ሰርክአዲስ የእናቷን ልቅሶ በአባቷ ቀብር ሰምታዋለች። ይህ ያኛው አልነበረም። ዕድሜ ልክ የተሸከሙትን ከፍ ያለ ነገር አውርደው መሬት የነኩ ሰው ልቅሶ ነበር፤ እሷም ባሕር ማዶ ሆና፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ አብራቸው አለቀሰች።